በብርሃን ልክ የተዘረጋ ሸራ፦ የአሜሪካ የጓሮ ሲኒማ ታሪክ

በዩናይትድ ስቴትስ የመኖሪያ ሰፈሮች፣ በሞቃታማዎቹ ወራት ምሽት በቤት ጓሮ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር ፊልም ማየት ዛሬ የተለመደ መዝናኛ ሲሆን፣ ብዙዎች ልማዱን የዲጂታል ዘመን ፈጠራ አድርገው ይቆጥሩታል። በእርግጥ ግን ፊልምን ከቤት ውጭ በጨርቅ ላይ ማሳየት የሲኒማን ያህል ዕድሜ አለው። በመካከል ለረጅም ጊዜ ከጓሮ ርቆ መቆየቱና ኋላም መመለሱ ነው ማብራሪያ የሚፈልገው። የፊልም ሸራ ከፕሮጀክተር የሚመጣውን ብርሃን ተቀብሎ ወደ ተመልካቹ የሚመልስ ገጽ እንጂ በራሱ ብርሃን የሚያመነጭ ነገር ባለመሆኑ፣ በየዘመኑ ስፋቱንም፣ የሚሠራበትንም ጨርቅ፣ የሚተከልበትንም ቦታ ሲወስን የኖረው በሠሪው እጅ ያለው የመብራት አቅም ነው። ከዚህ ቀጥሎ የራሱን ድርሻ የያዘው ነፋስ ነው።

ከሲኒማ በፊትም ሸራ ነበረ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ በሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ እጅ ቅርጽ የያዘውና በመስታወት ላይ የተሳለን ሥዕል በፋኖስ ብርሃን አጉልቶ ግድግዳ ላይ የሚጥለው መሣሪያ፣ በኋላ በተዘዋዋሪ ትርዒት አሳዮች እጅ ገብቶ ከከተማ ከተማ ሲጓዝ፣ ከመሣሪያው ጋር የሚታጠፍ ነጭ ጨርቅ አብሮ ይጓዝ ነበር። እነዚህ ሰዎች ብርሃኑን አንዳንድ ጊዜ ከተመልካቹ ጀርባ፣ አንዳንድ ጊዜም ከጨርቁ በስተጀርባ ያበሩ ስለነበር፣ ለሁለተኛው ዘዴ ጨርቁን በውኃ ማራስ እንደሚጠቅም ያውቁ ነበር፤ ውኃው በክሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላ ጨርቁ ብርሃን በቀላሉ ያሳልፋልና። በሊዮን ያደጉት የሉሚየር ወንድማማቾች ታኅሣሥ 28 ቀን 1895 (በዚህ ጽሑፍ ዘመናቱ ሁሉ እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በፓሪስ ለከፋይ ተመልካች ፊልም ካሳዩ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1900ው የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ይህንኑ የቆየ ብልሃት በግዙፍ መጠን ተጠቀሙበት። ሸራው በመጀመሪያ በኤፍል ማማ አጠገብ ከቤት ውጭ ሊተከል ታስቦ የነበረ ቢሆንም ነፋሱ አላስቻለም፤ በዚህም ምክንያት የማሽነሪዎች አዳራሽ በተባለው ሰፊ ሕንፃ ውስጥ 21 ሜትር ወርድና 16 ሜትር ቁመት ያለው ሆኖ ተሰቀለ፣ በውኃም ስለሚርስ በሁለቱም ወገን የተቀመጡ ተመልካቾች ምስሉን ለማየት ቻሉ። የዘመኑ እጅግ የታወቁ የሲኒማ ባለሙያዎች ከቤት ውጭ ያሰቡትን ሸራ በነፋስ ተሸንፈው ወደ ጣሪያ ሥር ማስገባታቸው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ በጓሮው ቱቦና ገመድ ይዞ የሚታገለውን አባወራ ሳያጽናናው አይቀርም።

ለሸራነት የሚውለው ብዙ ጊዜ ተራ ያልነጣ ወይም የነጣ የጥጥ ጨርቅ ነበር። የአማርኛ አንባቢ ይህን ዓይነቱን ጨርቅ በአቡጀዲነቱ ያውቀዋል፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ፋብሪካዎች ተሸምኖ በዛንዚባርና በቀይ ባሕር ወደቦች በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ይገባ የነበረ፣ በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይም ከኢትዮጵያ ዋና ዋና የገቢ ዕቃዎች አንዱ የሆነ ሸቀጥ ነው። በ1903 አዲስ አበባ ድረስ መጥቶ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል የተፈራረመው የአሜሪካ መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ከተላከባቸው ምክንያቶች አንዱም ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነበር። እዚህ ቀሚስና ሱሪ የሚሰፋበት ጨርቅ በተሸመነበት አገር ለፊልም መወጠሪያ መዋሉ የሚያስገርም አይደለም፤ ርካሽ፣ ሰፊና ብርሃን የሚበትን ነበርና።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ ዓመታት በአሜሪካ ከተሞች ኤርዶም የሚባሉ የሰማይ ጣሪያ ሲኒማዎች ተስፋፉ። ኤርዶም ማለት በጣውላ የታጠረ ባዶ ቦታ ሆኖ፣ በአንድ ጫፉ ሸራ፣ በመካከሉ አግዳሚ ወንበሮች፣ ከሸራው ሥር ደግሞ ድምፅ ለሌለው ፊልም የሚያጅብ ፒያኖ የሚቀመጥበት ነበር። የተፈጠረበት ምክንያት ሙቀት ነው፤ ማቀዝቀዣ ያልነበራቸው አዳራሾች በሐምሌና በነሐሴ ባዶ ስለሚቀሩ ባለንብረቶቹ ተመልካቹን ተከትለው ወደ ውጭ ወጡ። ይህ ምክንያት ደግሞ በተራው በ1925 በኒው ዮርክ የሪቮሊ ሲኒማ የካሪየር ኩባንያ ማቀዝቀዣ ሲገጠምለትና ሌሎችም ሲከተሉት እየከሰመ ሄደ፣ ዝናብና ትንኝም የቀረውን አደረጉ።

ኤርዶሞቹ ወደ ግለሰብ ጓሮ ሊወርዱ ያልቻሉበት ምክንያት ከመብራታቸው ጋር የተያያዘ ነው። የሲኒማ ቤት ፕሮጀክተር የሚሠራው በካርቦን አርክ፣ ማለትም በሁለት የካርቦን ዘንጎች ጫፍ መካከል ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍንጣቂ በመፍጠር ነበር፤ ብርሃኑ እጅግ ብሩህ ቢሆንም ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፣ ዘንጎቹም እየነደዱ ስለሚያጥሩ ሠራተኛው በየጊዜው ማቀራረብ ነበረበት። ፊልሙ ራሱ ናይትሬት ከተባለ፣ በቀላሉ ከሚቀጣጠልና አንዴ ከተቀጣጠለ ውኃ ከማያጠፋው ነገር ይሠራ ነበር። እነዚህ ሁለቱ የተገናኙበትን መሣሪያ በቤተሰብ መካከል ማቆም እብደት ይሆን ነበር። የኮዳክ ኩባንያ በ1923 በቀላሉ በማይቀጣጠል አሲቴት የተሠራውን 16 ሚሊሜትር ፊልም ለገበያ ሲያቀርብ ግን ፊልም ቤት ሊገባ የሚችል ዕቃ ሆነ፣ ተራ አምፖል የያዘ ትንሽ ፕሮጀክተርም አብሮት መጣ።

የጓሮ ሸራ ታሪክ በስም ከሚታወቅ ሰው ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ሪቻርድ ሆሊንግስሄድ በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ የመኪና ማጽጃና ቅባት የሚያመርተው የአባቱ ድርጅት የሽያጭ ኃላፊ ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መካከል፣ ሰዎች ከመኪናቸውና ከሲኒማቸው በቀላሉ እንደማይለዩ ተገንዝቦ ሁለቱን ለማገናኘት ያስብ ነበር፤ እናቱ ወፍራም ስለነበሩ የሲኒማ ቤት ወንበር አይመቻቸውም ነበርና ለእርሳቸው ብሎ ነው የጀመረው የሚል ወግም ይነገራል። ሙከራውን ያደረገው በሪቨርተን በሚገኘው ቤቱ ግቢ ሲሆን፣ በሁለት ዛፎች መካከል አንሶላ ቸነከረ፣ የ1928 ሥሪት የሆነ የኮዳክ ፕሮጀክተሩን በመኪናው ኮፈን ላይ አስቀመጠ፣ ከአንሶላው በስተጀርባም ለድምፅ እንዲሆን ራዲዮ አኖረ። በዘመኑ ሊገኝ የሚችለው የቤት መሣሪያ ይኸው ነበር፣ ጓሮውም እንደ ቤተ ሙከራ አገለገለ። ዝናብ ሲዘንብ ምን እንደሚታይ ለማወቅ የሣር ማጠጫ ቱቦውን ከፍቶ መኪናው ውስጥ ተቀመጠ፤ ኋላ ያለው መኪና በፊት ባለው እንዳይጋረድ ደግሞ ከጎማዎቹ ሥር ጉማጅ እንጨት እያስገባ የፊት እግሮቹን ከፍ ዝቅ በማድረግ ተስማሚውን ዘንበልታ ፈለገ። የኋለኛው ሙከራው ነው ዋጋ ያወጣለት፦ ግንቦት 16 ቀን 1933 የተሰጠው ቁጥር 1,909,537 የፈጠራ ባለቤትነት መብት በዋናነት የሚመለከተው መኪኖች የሚቆሙባቸውን ያዘነበሉ እርከኖች አቀማመጥ ነው። ለሸራው መብት ሊጠይቅበት የሚችል አዲስ ነገር አልነበረውም።

መብቱን ባገኘ በሦስተኛው ሳምንት፣ ሰኔ 6 ቀን 1933፣ ከካምደን አጠገብ በፔንሶከን ቀበሌ ለ400 መኪና የሚበቃ ስፍራ ከፈተ። አንሶላው አሁን 40 በ50 ጫማ፣ ማለትም 12 በ15 ሜትር ያህል ወደሆነ ሸራ አድጎ ነበር። ክፍያው ለመኪናው 25 ሳንቲም፣ ለእያንዳንዱ ሰው 25 ሳንቲም ሆኖ ከአንድ ዶላር አይበልጥም ነበር። የጓሮው ሸራ ከአምስት ካሬ ሜትር ቢያልፍ እንኳ በጥቂቱ ነው፣ የፔንሶከኑ ግን 180 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ስለነበር ከ30 እጥፍ በላይ ብርሃን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የቤት አምፖሉ ቀርቶ የካርቦን አርክ ገባ፣ ከእርሱም ጋር ልምድ ያለው ሠራተኛና ከፍተኛ ወጪ። ድምፁን በዚያው በካምደን የነበረው አርሲኤ ቪክተር የተባለው ድርጅት በትልልቅ ማጉያዎች አቀረበ፤ ነገር ግን ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ብቻ ስለሚጓዝ ከሸራው መቶ ሜትር የራቀ ተመልካች የተዋናዩ አፍ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነበር ንግግሩን የሚሰማው፣ ጎረቤቶችም ያልፈለጉትን ፊልም ለመስማት ተገደዱ። ይህ ችግር የተቃለለው ያው ድርጅት በ1940ዎቹ መጀመሪያ በመኪና መስኮት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ ማጉያ ካቀረበና ከጦርነቱ በኋላ አጠቃቀሙ ከተስፋፋ ወዲህ ነው። የሆሊንግስሄድ የፈጠራ መብት ግን አልጸናም፤ በ1949 የፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የእርከኖቹ አሠራር ከቀድሞ አዳራሾች የወንበር ዳገት የተለየ ፈጠራ እንዳልሆነ ወሰነ። ጦርነቱ ሲያበቃ መቶ ያህል የነበሩት ድራይቭ ኢን የተባሉት እነዚህ የመኪና ሲኒማዎች በ1958 ከ4000 በላይ ደረሱ።

የድራይቭ ኢን ሸራ ጨርቅ መሆኑን አቆመ። በእንጨት፣ ኋላም በብረት ማማ ላይ የተገጠመና ነጭ ቀለም የተቀባ ጠንካራ ሰሌዳ ሆነ፤ ነፋስን በመቋቋም ጨርቅን የሚተካው ክብደት ነውና። የምትጠልቀው ፀሐይ እንዳታበራበት ፊቱን ብዙ ጊዜ ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን አዙረው ይተክሉት ነበር፤ ይህም ማንኛውም የጓሮ ሸራ ሠሪ ዛሬም ሊከተለው የሚገባ ልምድ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የድራይቭ ኢን ታሪክ የውድቀት ታሪክ ሲሆን በሰፊው የተጻፈበት ስለሆነ እዚህ ማስረዘም አያስፈልግም፦ የቀለም ቴሌቪዥን፣ የቪዲዮ ካሴት፣ የከተማ ዳር መሬት መወደድ፣ እንዲሁም ከ1967 ጀምሮ በአብዛኛው አገሪቱ በአንድ ወጥ ሕግ የተሠራበት የበጋ ሰዓት አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በአንድ ወደፊት ስለሚገፋ ጨለማን አዘግይቶ ሕፃናት ከሚተኙበት ሰዓት ጋር ያጋጨው፣ ተራ በተራ አዳከሙት። ዛሬ በአገሪቱ የቀሩት 300 አካባቢ ናቸው።

ድራይቭ ኢን ሲያብብ በነበረበት በዚያው ዘመን ጓሮው ምን ይሠራ ነበር? ከጦርነቱ በኋላ በተስፋፉት አዳዲስ የመኖሪያ ሰፈሮች፣ ለምሳሌ ከ1947 ጀምሮ በሎንግ አይላንድ በተገነባው ሌቪታውን፣ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሣር ያለው ግቢ ነበረው፤ የ16ና ከ1932 ወዲህም የ8 ሚሊሜትር ፕሮጀክተር ያላቸው ቤተሰቦችም ቁጥራቸው እየበዛ ሄዷል። ሆኖም ቤተሰቡ ፊልሙን የሚያየው በአብዛኛው መጋረጃ ዘግቶ በሳሎን ውስጥ ነበር። የ16 ሚሊሜትር የቤት ፕሮጀክተር 750 ዋት አምፖል ቢይዝ እንኳ አብዛኛው ኃይል ወደ ሙቀት ስለሚለወጥና ጥቂቱ ብቻ በትንሿ የፊልም መስኮት ስለሚያልፍ ለሸራው የሚደርሰው ጥቂት መቶ ሉመን ነበር፤ ሉመን ከመብራት የሚወጣ ብርሃን ጠቅላላ መጠን መለኪያ ነው። የ8 ሚሊሜትሩ ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነበር።

ይህን ድህነት ለመሸፈን የሸራ አምራቾች የዘየዱት መላ የመስታወት ፍሬ ሸራ ይባላል። በጨርቁ ላይ እጅግ ጥቃቅን የመስታወት ፍሬዎች ይለጠፋሉ፤ እያንዳንዷ ፍሬ የደረሰባትን ብርሃን በየአቅጣጫው ከመበተን ይልቅ ወደ መጣበት ወገን ስለምትመልስ፣ በፕሮጀክተሩ አቅራቢያ የተቀመጠ ሰው ከተራ ነጭ ጨርቅ እጥፍና ከዚያም በላይ ብሩህ ምስል ያያል፣ ወደ ጎን የተቀመጠው ግን ደብዛዛ። በአሉሚኒየም ቀለም የተቀባው የብር ሸራም በሌላ መንገድ ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል። ሁለቱም ለሳሎን የተመቹ ሲሆኑ ለጓሮ ግን አይሆኑም፤ ጤዛና አቧራ ያበላሻቸዋል፣ ሲታጠፉ ይሰነጠቃሉ፣ ተመልካቹም ጎን ለጎን ተበታትኖ ስለሚቀመጥ ጥቅማቸው ይቀራል። ከዚህም በላይ በሸራ ላይ ጥቁር ቀለም የሚባል የለም፦ በምስሉ ጥቁር የሚመስለው ፕሮጀክተሩ ሳያበራ የተወው ነጭ ገጽ ነው። የጨረቃ ብርሃን፣ የመንገድ መብራት ወይም የጎረቤት በረንዳ አምፖል ያንን ነጭ ባበራው መጠን ጥቁሩ ይገረጣል፤ ደካማ ፕሮጀክተር ደግሞ ይህን ሊያሸንፍ አይችልም።

በዚህ ጊዜ ጨርቁ ከቤት ውጭ የቆየው በሌሎች እጅ ነው። በመካከለኛው ምዕራብ ትንንሽ ከተሞች፣ ከድቀቱ ዘመን ጀምሮ፣ ባለሱቆች ገንዘብ አዋጥተው በሳምንት አንድ ምሽት በዋናው መንገድ ዳር በአንሶላ ወይም በሕንፃ ግድግዳ ላይ ነፃ ፊልም ያሳዩ ነበር፤ ዓላማው ገበሬው ቤተሰቡን ይዞ ከተማ እንዲገባና እግረ መንገዱን ስኳርና ጨርቅ እንዲሸምት ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የሆሊውድ ኩባንያዎች በባሕር ማዶ ለተሰለፈው ሠራዊት በ16 ሚሊሜትር የተባዙ ፊልሞችን በነፃ ሰጥተው ስለነበር፣ በፓስፊክ ደሴቶች ወታደሮች በእንጨት ክፈፍ ላይ ጨርቅ ወጥረው፣ የዘንባባ ግንድ ላይ ተቀምጠው፣ ብዙ ጊዜም ዝናብ እየመታቸው ፊልም ያዩ ነበር። የዛሬውን የጓሮ ሸራ በአሠራር የሚመስለው ከድራይቭ ኢኑ ማማ ይልቅ ይህ የወታደሮች ሥራ ነው፦ እጅ ያገኘው እንጨት፣ የተወጠረ ጨርቅ፣ ገመድና ካስማ።

ሁኔታውን የለወጠው ከሲኒማ ዓለም ውጭ የመጣ ፈጠራ ነው። በ1987 የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ መሐንዲስ ላሪ ሆርንቤክ በአንድ ቺፕ ላይ የተደረደሩና እያንዳንዳቸው በኤሌክትሪክ ትእዛዝ የሚያዘነብሉ ጥቃቅን መስታወቶች ያሉትን መሣሪያ ፈለሰፈ፤ ዲኤልፒ በሚል ስም የሚታወቁት ፕሮጀክተሮች በዚህ ላይ ተመሥርተው በ1996 ገበያ ገቡ፣ ከእነርሱም ጋር በፈሳሽ ክሪስታል የሚሠሩት ይወዳደሩ ነበር። ደንበኞቻቸው በመጀመሪያ መሥሪያ ቤቶች ነበሩ። የስብሰባ አዳራሽ መብራት ሳይጠፋ ሠንጠረዥና ግራፍ እንዲታይ ስለተፈለገ አምራቾቹ በሉመን ብዛት ተፎካከሩ፣ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታትም 1000 ሉመን የሚሰጥ መሣሪያ ወደ 1000 ዶላር አካባቢ ወረደ። ለቢሮ ስብሰባ የተሠራው ብርሃን ለጓሮ ጨለማ ከበቂ በላይ ሆነ።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ግልጽ ነው። ሦስት ሜትር ወርድ ያለውና ዛሬ በተለመደው የ16 በ9 ምጣኔ የተሠራ ሸራ 1.7 ሜትር ያህል ቁመትና አምስት ካሬ ሜትር ስፋት ይኖረዋል፤ አንድ ሺህ ሉመን ሲያርፍበት፣ ብርሃንን ወደየአቅጣጫው እኩል የሚበትን ተራ ነጭ ጨርቅ ቢሆንም እንኳ፣ በካሬ ሜትር 60 ካንዴላ የሚያልፍ ድምቀት ይሰጣል፣ የሲኒማ ቤቶች መለኪያ ደግሞ ለረጅም ጊዜ 55 አካባቢ ነበር። ስለዚህ የመስታወት ፍሬም ሆነ የብር ቀለም አላስፈለገም፤ አንሶላው ተመልሶ መጣ። ይሁን እንጂ ወርዱን እጥፍ ያደረገ ሰው ስፋቱን አራት እጥፍ፣ ድምቀቱን ሩብ እንደሚያደርግ አለመገንዘቡ እስከ ዛሬ የጀማሪዎች ዋና ስሕተት ነው።

በእርግጥ አንሶላ ምርጡ ጨርቅ አይደለም፤ ስስ ስለሆነ ከብርሃኑ ከፊሉ በስተጀርባ ይፈስሳል፣ ይሸበሸባልም። በዚህ ምክንያት ሠሪዎቹ ለመጋረጃ ገበር የሚሸጠውን ብርሃን የማያሳልፍ ወፍራም ጨርቅ፣ ወይም ነጭ የፕላስቲክ ሸራ መረጡ፤ ከበስተጀርባው ጥቁር ጨርቅ የሚደርቡም፣ ዙሪያውን በጥቁር ጥብጣብ የሚከብቡም አሉ፣ የምስሉ ጠርዝ ጥቁሩ ላይ ሲያልቅ ዓይን ምስሉን ይበልጥ ደማቅ አድርጎ ይቀበለዋልና። ክፈፉ ብዙ ጊዜ ከእንጨት ወይም ከቧንቧ መሸጫ ከሚገዛ የፒቪሲ ቱቦ በማዕዘን መጋጠሚያዎች ይሠራል፣ ምሽቱ ሲያበቃ ተፈታትቶ እንዲቀመጥ። ጨርቁ ዙሪያውን በብረት ቀለበት የተጠናከሩ ቀዳዳዎች ይበሳሉለትና በላስቲክ ገመድ ከክፈፉ ጋር ይወጠራል፤ ላስቲኩ ጨርቁን ሳይሸበሸብ ይይዛል፣ ነፋስ ሲመታውም ትንሽ ይለቅለታል።

የሉሚየርን ሸራ ያሸነፈው ነፋስ አሁንም ያው ነው። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ፣ ቅርንጫፍ የሚያወዛውዝ እንጂ ዛፍ የማይጥል ነፋስ፣ በዚያ አምስት ካሬ ሜትር ጨርቅ ላይ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ክብደት ያህል ይገፋል፤ ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን የሚችል የፒቪሲ ቱቦ ስለሌለ ሥራውን የሚሠሩት ከላይኛው ማዕዘን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚወጠሩ ገመዶችና መሬት ውስጥ የሚመቱ ካስማዎች፣ ወይም በእግሮቹ ላይ የሚጫኑ የአሸዋ ከረጢቶች ናቸው። ልምድ ያላቸው ሠሪዎች ሸራውን በቤት ግድግዳ ወይም በአጥር ተገን ይተክላሉ፣ ነፋስ ሲበረታም ጨርቁን ያወርዱታል።

በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ሲኒማ ቤቶች ሲዘጉ ሁለቱም የታሪኩ ቅርንጫፎች በአንድ ጊዜ ነፍስ ዘሩ፦ የቀሩት ድራይቭ ኢኖች ተጨናነቁ፣ ዋልማርት የተባለው የሱቅ ድርጅት 160 የመኪና ማቆሚያዎቹን ለጊዜው ወደ ሲኒማነት ለወጠ፣ ከቤት የማይወጡ ቤተሰቦችም ጓሮአቸው ውስጥ ጨርቅ ወጠሩ። ሁለቱን የሚለየው ግን የሸራው ስፋት ሳይሆን ሕጉ ነው። በ1976 በወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ መሠረት፣ ፊልምን ለሕዝብ ክፍት በሆነ ስፍራ፣ ወይም ከተለመደው የቤተሰብና የወዳጅ ክበብ ውጭ የሆኑ በርከት ያሉ ሰዎች በተሰበሰቡበት ማሳየት የባለመብቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ሆሊንግስሄድ በግቢው ለቤተሰቡ ያሳየው ዓይነት ትርዒት በዚህ መለኪያ የግል ነው፣ በፔንሶከን ያሳየው ደግሞ የሕዝብ። በመካከላቸው ያለው፣ ማለትም መላው ሰፈር በጓሮ አጥር በር የሚገባበት ምሽት፣ ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ ሕጉ በሰው ቁጥር አልወሰነም።